ጉልቤው ዓሣና የቀጥቃጩ ልጅ

ይርጋነሽ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በር ገፍታ ስትገባ፣ መላው ሞጣ ሊያየው የጓጓለትን ዓሣ አላየችም። ያየችው አንድ ጀርባ ነበር። ነጭ የባሕር ኃይል ሸሚዝ የለበሰ፣ ከትልቅ የመስታወት ገንዳ ላይ ጎንበስ ያለ፣ እጁን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ የነከረ የአንድ ወንድ ጀርባ። ፊቱን ሳያዞር አወቀችው። ልብ እንዲህ ነው፤ ዓመታት አንቀላፍቶ በአንድ ጀርባ ይባንናል።

ማንም ስሙን አልነገራትም ነበር። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ፋንታ ያላት ይህን ብቻ ነው፦ «አንቺ የባዮሎጂ መምህርት ነሽ። ከምጽዋ የሚመጣውን ባሕረኛ ታግዢዋለሽ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሕዝባችን ቀይ ባሕርን በዓይኑ ማየት አለበት!»

ባሕረኛው ዞረ። ደሴ ነው፤ የቢቸናው ደሴ፣ የቀጥቃጩ የቀለሙ ልጅ። ጢሙ ጠቁሯል፣ ትከሻው ሰፍቷል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። ለአፍታ ከንፈሩ ተላቀቀ። ወዲያው ፊቱን እንደ መስኮት ዘጋና እጁን በፎጣ እያደረቀ ጎንበስ አለ።

«እንደምን አሉ፣ ጓድ መምህርት?»

«አሉ» አላት! አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያደጉ፣ ከክረምት ዝናብ በአንድ ነጠላ የተጠለሉ፣ «አንቺ» ለማለት እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግላት የነበረው ልጅ «እንደምን አሉ» አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ይርጋነሽ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ናት። አባቷ በቢቸና ቅኔ የሚያስነግሩ፣ ከሩቅ አገር ደቀ መዝሙር የሚመጣላቸው ሊቅ ናቸው። የደሴ አባት ቀለሙ ደግሞ ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ ማዶ ወናፍ ይነፋል። ቢቸና የምታርስበት ማረሻ ሁሉ ከቀለሙ መዶሻ ሥር የወጣ ነው። ሆኖም ከቀለሙ ቤት እህል የቀመሰ ጨዋ ነኝ ባይ አልነበረም፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይባላልና። አዋጁ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ካለ ቆይቷል፤ የሰው አንደበትም ተቀብሎታል። ሞሰቡ ግን ገና አልሰማም።

ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ «አባትሽን ራሴ ሄጄ አናግራለሁ» ብሏት ነበር። ሄደም። በማግስቱ ግን በቢቸና አልነበረም። ምጽዋ ወርዶ ባሕር ኃይል ገባ ሲባል ሰማች። አንዲት የስንብት ቃል አልተወላትም። ጠበቀችው፣ አለቀሰች፣ በኋላም «ከእኔ ይልቅ ባሕሩን ወዷል» ብላ ልቧን ቆለፈች። አሁን ያ የተቆለፈ በር በአንድ «እንደምን አሉ» ተንኳኳ።

«ደህና ነኝ፣ ጓድ ባሕረኛ» አለች፤ ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «ሥራው ምንድን ነው?»

ሥራው እንዲህ ነበር። ገንዳው ውስጥ ሦስት ዓሣዎች አሉ። ትልቁን ባሕረኞቹ «ጉልቤ» ይሉታል። ሰውነቱ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ በላዩ ላይ ቢጫ መስመር የተጋደመበት፣ ለዓይን ድንቅ ነው። ጠባዩ ግን እንደ ስሙ ነው፤ ሁለቱ ጓደኞቹም ጭፍሮቹ ናቸው። የሚሰጣቸውን ሥጋ ግማሹን ይውጣሉ፣ ግማሹን ይበትናሉ። የተበተነው ሥጋ በአሸዋው ላይ ይበሰብሳል፤ መስታወቱን አረንጓዴ ዝቃጭ ይሸፍነዋል።

«የወንዝ ዓሣ ቢሆን ውሃውን ደፍቶ ሌላ መቅዳት ነው» አለ ደሴ መሬት መሬት እያየ። «ይህ የባሕር ውሃ ነው። ከምጽዋ እስከ ባሕር ዳር ከተማ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጭነት መኪና በደብረ ማርቆስና በአምበር ዞሮ፣ የቢቸናን ጭቃ ሰንጥቆ የመጣ ነው። ከተበላሸ ሌላ የለም። እንደ ባሕሩ ወለል፣ ትራፊውን እየለቀሙ የሚያጸዱ እንስሳት ያስፈልጉታል፤ አምጥቻለሁም። ችግሩ የትኞቹን እንደምንጨምር ነው። የሚያጸዱለትን ራሱ ይበላቸዋል።»

«እስቲ አንዱን እንይ።»

ከባልዲዎቹ ከአንዱ ትንሽ ሸርጣን አወጣ፤ በሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የምትኖር፣ ቤቷን በጀርባዋ የተሸከመች። ሸርጣኗ አሸዋው ላይ አረፈች። ጉልቤው አንድ ዓይኑን ብቻ አዞረ። ተወርውሮ ቅርፊቱን ገለበጠው። ቀጭ! በመስታወቱ ውስጥ እንኳ ተሰማ።

«እኔን!» አለች ይርጋነሽ አፏን በእጇ ይዛ። ከሸርጣኗ የቀረው ስብርባሪ ቅርፊት ነበር። እንዲህ ያለ ፈጣን ሞት አይታ አታውቅም።

«ጥርሱ ጉጠት ነው» አለ ደሴ። የቀጥቃጭ ልጅ ነውና ሌላ ምሳሌ አልመጣለትም።

ይርጋነሽ ገንዳውን ስትዞረው ቆየች። ዓሣው ከዚህኛው ድንጋይ ወደዚያኛው እየተመላለሰ ድንበሩን ይጠብቃል። «ርስተኛ ሆኗል» አለች በመጨረሻ። «ድንጋዩ የኔ፣ አሸዋው የኔ ብሏል። ስለዚህ መጤ የተባለን ሁሉ ይበላል። መጤው እሱ ቢሆንስ? ሦስቱንም ወደ መጡበት በርሜል እናውጣቸው፣ ድንጋዮቹን እናዟዙራቸው፣ ጽዳተኞቹ መጀመሪያ ይስፈሩበት። ርስቱን ያጣ ጌታ እንደሆነ የጎረቤቱን ደጅ አይደፍርም።»

ደሴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳያስበው ሳቀ። «ጓድ ፋንታ ቢሰማሽ ያስጨበጭብልሽ ነበር!»

«ቢሰማሽ።» ሁለቱም ሰሙት። ደሴ ሳቁን መለሰ፤ ይርጋነሽም አንገቷ ድረስ ትኩሳት ወጣባት። ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ተመልሶ አልመጣም።

አብረው ሲመርጡ ዋሉ። ቡጢ የሚያህሉ፣ ቅርፊታቸው የወፈረ፣ ሲነኩ በራቸውን ጥርቅም አድርገው የሚዘጉ ቀንድ አውጣዎችን መረጡ። ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ተደብቆ ሲጨልም ብቻ የሚወጣውን ባለ አምስት ክንድ የባሕር ኮከብ መረጡ። የባሕር ጃርቱን፣ እሾኹ ምንም ቢረዝም፣ ተዉት፤ ጉልቤው ከአፉ ውሃ ተፍቶ ገልብጦ ሆዱን ይበላዋል። ቀይና ነጭ ጥለት ያላቸውን፣ የሸርጣን ዘመድ የሆኑትን ትንንሽ ሽሪምፖች ግን ከሁሉ በፊት ለቀቁ፤ እነዚህ የዓሣውን ጥርስ የሚጠርጉ ናቸውና።

በመጨረሻ አንድ ባልዲ ቀረ። ውስጡ ጥቁር፣ ድብልብል፣ ዱባ የመሰለ ነገር ተጋድሟል። የባሕር ኪያር ይሉታል፤ አሸዋ እየዋጠ የሚያጠራ፣ በገራም ዓሣ መካከል ከሁሉ የሚሻል ጽዳተኛ ነው።

«ይኼስ አይገባም!» አሉ ሁለቱም እኩል። ተያዩ።

«ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬዋለሁ» አለች እሷ። «ከነከሱት አንጀቱን ይተፋል። መርዙ በጠባብ ውሃ ውስጥ ዓሣውን ሁሉ ይፈጃል።»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ እሱ፤ ባልዲውን ከድኖም ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠው።

ዓሣዎቹ ተመልሰው ሲገቡ ግራ ተጋቡ። ጉልቤው ያልለመደውን ድንጋይ እየተጠጋ፣ እየሸሸ፣ እንደ እንግዳ ተሽኮረመመ። በበዓሉ ዋዜማ አንዲት ሽሪምፕ ከድንጋዩ ወጥታ ወደ አፉ ተጠጋች። ያ ሸርጣን የሰበረ መንጋጋ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሽሪምፗ ገባች፤ ጥርሱን እየጠራረገች ቆየች፤ ወጣች። ጉልቤው አልነካትም።

ይርጋነሽ በመስታወቱ ላይ የደሴን መልክ አየች። እሱም ዓሣውን ትቶ በመስታወቱ ውስጥ እሷን ያያል። ፊት ለፊት ቢሆን ዓይኗን ትሰብር ነበር፤ በመስታወት ስለሆነ ደፈረች።

«ለምን ሳትሰናበተኝ ሄድህ?»

«ምን ብዬ ልሰናበትሽ?» ድምፁ ሻከረ። «ቃልሽን ሰምቼ አልነበር?»

«የምን ቃል?»

«አባትሽን አልለመንኋቸውም? በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሜ አልለመንኋቸውም? "ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ የቀጥቃጭ ልጅ አግብቼ ዘሬን አላጎድፍም ብላለች" አሉኝ። ይርጌ፣ አባቴን ቢሰድቡት እችለው ነበር። ከአንቺ አፍ ወጣ ሲሉኝ ግን አገሩ ጠበበኝ።»

ይርጋነሽ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እግሯ ነው የተቀመጠው እንጂ እሷ መቀመጧን አላወቀችም። አባቷ! ውሸትን ከሰው ነፍስ ከማጥፋት እኩል የሚጠሉት አባቷ!

«አልጠየቁኝም» አለች በሹክሹክታ። «ደሴ፣ ማንም አልጠየቀኝም።»

ደሴ ከገንዳው ራቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። የወጣትነታቸው ዘመን በአንድ ሰው ቃል እንደ አመድ ሲበተን፣ ሁለቱም አዩት።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ደሴ የአየር መንፊያውን ጄኔሬተር ሊያይ ወደ ጓሮ ወጣ። ጓድ ፋንታ ለመጨረሻ ፍተሻ ሲገባ አዳራሹ ውስጥ የነበረችው ይርጋነሽ ብቻ ናት። መጋረጃውን ገልጦ ባልዲውን አገኘ።

«ይህስ ምንድን ነው? ከምጽዋ በመንግሥት አውሮፕላን የመጣ እንስሳ ባልዲ ውስጥ ተደብቆ ሕዝብ ሊያየው ነው?»

«ጓድ፣ አይነካም! መርዝ አለው፣ ዓሣዎቹን…»

«ሳቦታጅ!» አለና ባልዲውን አንሥቶ ገንዳው ውስጥ ገለበጠው።

ይርጋነሽ እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችም። ጉልቤው ቀድሟት ነከሰው። ጥቁሩ ነገር ተኮማተረ፣ ከዚያ እንደ ነጭ ድር የሚጣበቅ ክር፣ ከክሩም በኋላ የሆድ ዕቃውን ተፋ። ውሃው ደፈረሰ። «ደሴ! ደሴ!» እያለች ጮኸች። እሱ ሮጦ ሲገባ የክብር እንግዶቹም በዋናው በር እየገቡ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣው መኮንን፣ ከግንደወይንና ከቢቸና የተጠሩት ሽማግሌዎች፤ በመካከላቸውም ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያ ይዘው፣ አባቷ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ።

ሕዝቡ ገንዳውን ከበበ። ያ ሁሉ ሰው ባሕርን ሊያይ መጥቶ ሞትን አየ። ጭፍሮቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገለበጡ። ጉልቤው ቀርቶ ነበር። ከመስታወቱ ጋር ተላትሞ ተመለሰ፣ እንደገና ተላተመ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመና ሰማያዊው ቀለሙ በሰው ዓይን ፊት ዐመድማ ሆነ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ደሴ ሁለት እጁን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ቀረ።

ከጸጥታው ውስጥ የአንዲት የቢቸና ሴት ድምፅ ወጣ። «የቀለሙ ልጅ አይደለም እንዴ? የቀጥቃጩ? ውይ፣ በዓይኑ በላቸው!»

«ቡዳ! ቡዳ በላቸው!»

«አሻጥር ነው!» ጮኸ ጓድ ፋንታ፤ የራሱን ድንጋጤ የሚጥልበት አግኝቶ። «ያዙት!»

ሁለት ዘበኞች ደሴን አንቀው ያዙት። በመስኮት የተወረወረ ድንጋይ ግንባሩን መታው። ደም በነጩ ሸሚዝ ላይ ወረደ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ አገሩን ያውቁታል። ይናገሩ!» አላቸው አንዱ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ይርጋነሽም አባቷን አየች። አንድ ቃል ነበር የፈለገችው፤ «ተዉት» የምትል አንዲት ቃል። መሪጌታ የደሴን ደም አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ አንገታቸውን ደፉ። ዝም አሉ።

ያ ዝምታ ከድንጋዩ ይልቅ ሰበራት። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሁሉ ያደረገችው ልትቆጥበው የሚገባት ነገር እንደሌላት ሰው ሆና ነው። እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ ያን ጥቁር ነገር አወጣች፤ መድረኩ ላይ ወጣች።

«እኔ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ። በአባቴ ቤት ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን መደበቅ ነው ያየሁት። ዛሬ ሰም የለኝም፤ ወርቁን ስሙት። ዓሣዎቹን የፈጀ የሰው ዓይን አይደለም፤ ይህ ነው። እንዳይገባ የከለከለው ደሴ ነው። ባልዲውን የደፉት ጓድ ፋንታ ናቸው፤ ስለምናቸው ደፉት። እስራት ካለ አብሬ እታሰራለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አልቆመም።

«ዓይኑ ይበላል ላላችሁትም፣ እኔ ምስክር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ያኔ አልሞትሁም። የሞትሁት ያነሣው ቀን ነው።»

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ደሴ በዘበኞቹ መካከል እንዳለ፣ ደም በሸፈነው ዓይኑ ቀና ብሎ አያት፤ እንደዚያ ቀን አይቷት አያውቅም።

ከደብረ ማርቆስ የመጣው መኮንን ወደ ጓድ ፋንታ ዞረ። «ደፍተኸዋል?»

«ለ… ለበዓሉ ድምቀት ብዬ ነበር፣ ጓድ…»

መኮንኑ ቆቡን አስተካከለ። «ልቀቁት» አለ። «ገንዳውን ሸፍኑ። ባሕረኛው ነገ ወደ ምድቡ ይመለስ።»

ዘበኞቹ እጃቸውን ሲያነሡ ይርጋነሽ ከመድረኩ ወርዳ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ያዘችለት። አባቷን በዓይኗ ፈለገች። ቦታቸው ባዶ ነበር።

በማግስቱ ባዶውን ገንዳ የጫነችው መኪና ቢቸና ስትደርስ ሁለቱም ከቀጥቃጩ ቤት ደጃፍ ወረዱ። ይርጋነሽ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። ቀለሙን «አባቴ ቢረግሙኝም ልጅዎ ልሁን» ልትለው፣ እሱ በደስታ ሲያለቅስ ልታጽናናው አስባ ነበር።

ቀለሙ ወናፉን አቁሞ የልጁን የታሰረ ግንባር አየ። ዳሰሰው። ከዚያ እሷን ሰማት፤ እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«አይሆንም፣ እቴ» አለ በቀስታ። «ልጄን አልሰጥም።»

ይርጋነሽ የሰማች አልመሰላትም። «አባ ቀለሙ?»

«በአባትሽ ቃል አገር ለቀቀ። በአባትሽ ዝምታ ተፈነከተ፤ ወሬው ከእናንተ በፊት ደርሷል። ፍቅሩ ለእናንተ ቤት ሲሆን ደሙ ለምን ለእኔ ቤት ይሆናል? እኔም ልጅ አለኝ። ልጄ ለእኔ ወርቅ ነው።»

«አባዬ…» አለ ደሴ።

«አንተ ዝም በል!»

ይርጋነሽን መሬቱ ከዳት። የመሪጌታ ልጅ የቀጥቃጭ ልጅ ልውሰድ ስትል እንቢ ልትባል እንደምትችል አንድም ጊዜ አስባ አታውቅም። ስትመጣ መስዋዕት ይዛ፣ ስጦታ ይዛ የመጣች መስሏት ነበር። ያ ትዕቢት የአባቷ ብቻ መስሏት ነበር! ፊቷ በእፍረት ነደደ። ጎንበስ ብላ የቀለሙን ጉልበት ሳመች።

«እውነትዎን ነው» አለች።

በዚያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ መንገደኛው ቀጥ ብሎ ሲቆም አየች። ማዶ ያሉት ሴቶችም እንስራቸውን እንደተሸከሙ ቆመዋል። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ቀሚሳቸው ጭቃ ለብሶ፣ ብቻቸውን ወንዙን ተሻግረው መጥተው ከቀጥቃጩ ደጅ ቆመው ነበር።

«ቀለሙ» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። አብሮኝ የሚመጣ አጣሁና ብቻዬን መጣሁ።»

«ስለ ማን፣ መሪጌታ?»

«ስለ ልጄ። ልጅህን ለልጄ ልለምንህ።»

«ትናንት ሲጠይቁዎት ዝም አሉ አሉ።»

«ዝም አልሁ። ከዚያም በፊት በልጄ አፍ ዋሸሁ። ሌሊቱን ዳዊት ልደግም ተቀመጥሁ፤ የልጅህ ደም ከገጹ ላይ አልነሣ አለኝ። ከእንግዲህ በየትኛው አፌ ላስተምር?»

ቀለሙ ፊቱን ወደ እሳቱ መለሰ። ፍሙ ከወናፉ ፊት እየከሰመ ነበር።

«ይቀመጡ አልልዎትም» አለ በኋላ። «በእኔ ቤት ዛሬ ከተቀመጡ ይበላሉ። የሚበሉትም ሰው እያየ ነው። እንደ ባልንጀራ በልተው ከሄዱ ያኔ ነገሩን እንነጋገራለን። ካልሆነ ግን በመጡበት ይመለሱ፤ አልቀየምዎትም።»

መሪጌታ ወደ መንገዱ ዞረው አዩ። ከደቀ መዛሙርታቸው ሁለቱ እንኳ ከሕዝቡ መካከል ቆመዋል። ይህን ጉርሻ የበሉ እንደሆነ ነገ ማን አጠገባቸው እንደሚቆም አይታወቅም። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። ከቀጥቃጩ መደብ ላይ ተቀመጡ።

የቀለሙ ሚስት ሞሰብ አቀረበች። መሪጌታ ተነሥተው ባረኩ፤ ቡራኬው መሃል ላይ ድምፃቸው ጠፋ፣ ጠበቁት፣ ተመለሰ፣ ጨረሱ። እጃቸው ወደ እንጀራው ወረደ። ቆረሱ። አጠቀሱ። ጎረሱ።

ከመንገዱ «ኧኸኸ!» የሚል የብዙ ሰው ትንፋሽ ተሰማ። ቀለሙ ፊቱን በጥቀርሻማ መዳፉ ሸፈነ። ይርጋነሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇን ዘርግታ የደሴን እጅ ያዘች፤ ማንም «ልቀቂው» አላላትም።